በግዝት የታሰረ በሶ

አመለወርቅ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ያላሰበችው ነገር የለም፤ ያሰበችውን ደግሞ ያልቀዳባት ሰው የለም።

በሶን በትንንሽ ከረጢት አሽጋ በአውቶቡስ ለሚያልፈው መንገደኛ መሸጥ የጀመረችው እሷ ናት። ወር ሳይሞላ መናኸሪያው ሁሉ ከረጢት ሆነ። ተልባ ጨመረችበት፤ ሁሉም ተልባ ጨመረ። ዘንድሮ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ ብታገባበት፣ ከመንገዱ ማዶ የምትሸጥ ሰውነት የምትባል ሴት በሁለተኛው ሳምንት "ኮረሪማ ያለው በሶ! ኮረሪማ ያለው!" እያለች ስትጮህ ሰማቻት። ኧረ እንዲህ ያለ ድፍረት! ሰው የሰው ሐሳብ ወስዶ በባለሐሳቡ ፊት ይጮህበታል?

በዚህ መሃል ነው ከባሕር ዳር ደሳለኝ የሚባል ባለሱቅ የመጣው። የአመለወርቅን በሶ በጥብጦ ጠጣ፤ ደገመ።

"ከማዶም ቀምሼ ነበር፣ የእርስዎ ግን ሌላ ነው" አላት። "በየሁለት ሳምንቱ አንድ ኩንታል እወስዳለሁ። ጣዕሙ ከተለወጠ ወይም ይህንኑ ሌላ ሰው ሲሸጥ ካገኘሁ ግን ያን ጊዜ ተለያየን።" የመጀመሪያውን ጭነት በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ሊወስድ ቀን ቆርጦ ሄደ።

አመለወርቅ አሥራ አንድ ዓመት በአውቶቡስ መስኮት ሥር ሮጣለች። ጉልበቷ አልሄድ ብሏታል። ይህ ሰው ካመለጣት ሌላ እንደማይመጣ ታውቃለች፣ እናም ከደስታዋ ይልቅ ፍርሃቷ በዛ።

ልጇ ሊድያ ማኔጅመንት ተምራ የመጣች ናት። "እማ፣ አንቺ ኢኖቬሽን አላጣሽም፤ ያቃተሽ እሱን መያዝ ነው። ሰው ሊቀዳብሽ የማይችለው ነገርሽ ምንድን ነው? እሱን ፈልጊና ጠብቂ" አለቻት።

"ምኑን?"

"እሱንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

አመለወርቅ አላወቀችም። ብታወጣ ብታወርድ ግን የኮረሪማው ልክ መሆን አለበት አለች። ማን አወጣባት? የወንፈል ሴቶቹ ናቸዋ! ከእሷ ጋር አምስት ጎረቤታሞች ናቸው፤ በየሳምንቱ በተራ የአንዷን ጥጥ ይፈትላሉ፣ የአንዷን በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ የእሷን ገብስ ይፈትጋሉ፣ ያምሳሉ። አፋቸው ክዳን የለውም። የሊድያ ክርስትና እናት ዓለሚቱ እንኳ ምንም አትል፤ ምጣዱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ ገብሱን ማመስ ብቻ ነው ሥራዋ።

ሙያ በልብ ነው አለችና፣ አንድ ቅዳሜ አራቱንም ሴቶች ጠርታ የነፍስ አባቷን መምሬ ተክለሃይማኖትን አመጣች።

"አባቴ፣ ይገዝቱልኝ።"

"ምኑን ልጄ?"

"በሶውን።"

መምሬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "እኔ ለድንበር ገዝቻለሁ፣ ለጠፋ በሬም ገዝቻለሁ። ለበሶ ግን…"

"ያው ነው አባቴ፤ ተሰርቄያለሁ!"

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይሉ የለ! ለምና አልቅሳ አሳመነቻቸው። መስቀላቸውን አወጡና "በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ የዚህን ቤት በሶ ሙያ የምታውቁ ሁሉ ለማንም እንዳትነግሩ፣ ለማንም እንዳታሳዩ ገዝቻለሁ" አሉ። ሴቶቹ መስቀሉን ተሳልመው ቁጭ ሳይሉ ወጡ።

ዓለሚቱ ደጃፉ ላይ ቆም አለች። "እኔንም ጭምር አበልጄ?"

"ሁሉንም ነው" አለች አመለወርቅ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

በሳምንቱ ለወንፈል ማንም አልመጣ። "ግዝት ያለበት ቤት ምን አስገባኝ? አፌን ቢያዳልጠኝስ?" ነው መልሳቸው ሁሉ። ይሁን ብላ ብቻዋን ፈተገች፣ ብቻዋን አመሰች፣ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስፈጨች፣ በሯን ዘግታ ኮረሪማውን ለካች። ሊድያ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

"እማ፣ ጥሬ ጥሬ ይላል።"

እንደገና አመሰች። አሁን ደግሞ መረረ። በሦስተኛው ጥሬም አይደለም፣ መራራም አይደለም፤ ግን የእሷ በሶ አይደለም። ኧረ ምን ጉድ ነው! ገብሱ ያው፣ ምጣዱ ያው፣ እንጨቱ ያው፣ ኮረሪማው በማንኪያ ተለክቶ የገባ። መድኃኒት ተደርጎብኝ ይሆን ብላ ደጃፏን ጠበል ረጨች። ጠበሉም በሶውን አላስተካከለው። ደክሟት ግድግዳ ተደግፋ ስትቀመጥ ዓይኗ ምጣዱ ሥር ካለው ባዶ ዱካ ላይ አረፈ፤ ያን ጊዜ ደነገጠች። እስከዚህ ሳምንት ድረስ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ገብስ አምሳ አታውቅም፤ የምታምሰው ዓለሚቱ ነበረች።

ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሄደች። ዓለሚቱ በርበሬ እየቀነጠሰች ነው።

"አበልጄ፣ ገብሱ መድረሱን በምንድን ነው የምታውቂው?"

"እንዳልነግር ተገዝቻለሁ።"

"ለሌላ ሰው እኮ ነው!"

"'ለማንም' ነው ያሉት መምሬ። አንቺስ ሰው አይደለሽ?"

"በገዛ በሶዬ?"

"እንጃ እንግዲህ። እኔ ከግዝት አልጣላም።"

"እሺ መጥተሽ እመሺልኝ። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

"ምጣድሽ ያለው ደጅ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ያያል። የእሱንም ዓይን ልትጨፍኚ ነው?"

አመለወርቅ አፈጠጠችባት። ሴትዮዋ ቂም ይዛ ነው? ወይስ እውነት ግዝቱን ፈርታ? ፊቷን ብታይ ብታይ ሁለቱም አለበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለች በሆዷ፣ እንባዋ እየመጣ።

ሰኞ ጠዋት መምሬ ዘንድ ገሰገሰች። ደሳለኝ ሊመጣ አራት ቀን ቀርቶታል።

"ለዓለሚቱ ብቻ ይፍቱልኝ አባቴ።"

"ግዝት እንደ ጠላ በዋንጫ እየተቀዳ አይታደልም ልጄ" አሉ መምሬ። "ከተፈታ ለሁሉም ተፈታ። የወደደ ይናገራል፣ የወደደ ያሳያል።"

ሰውነትም ልታውቅ ነው ማለት ነው። ቢታሰር በሶው የለም፤ ቢፈታ በሶው የሁሉ ነው። አመለወርቅ ወዲያ ብታስበው ገደል፣ ወዲህ ብታስበው ገደል ሆነባት። ቢቸግራት "ይፍቱት" አለች።

ግዝቱ መፈታቱ ተሰማና ማክሰኞ ግቢዋ በሰው ሞላ። አይ ሰውነት፣ እፍረት የሚባል አልፈጠረባት፤ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ዓለሚቱ ዱካዋ ላይ ሆና እሳቱን አስተካከለች፣ ገብሱን ምጣዱ ላይ አፈሰሰች፣ ማመስ ጀመረች። ድንገት "በቃው!" ብላ አወጣችው።

"ምን አይተሽ ነው?" አለች አመለወርቅ።

"እንጃ።"

"ሽታው ነው?"

"ሽታውም አለ።"

"ድምፁ ነዋ!" አለች ሰውነት ካለችበት እየተንጠራራች።

"ድምፁም ይኖርበታል። ብቻ፣ በቃው በቃው ይለኛል።"

ሰውነት ተነሥታ ሞከረች፤ አሳረረችው። አመለወርቅ ዓለሚቱ አጠገብ ሆና እጅ እጇን እያየች ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ሦስቴም ቀድማ አወጣችው ወይም ዘገየች። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ሰውነት "ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም!" ብላ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች።

አመለወርቅም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተቆረጠ። "ታዲያ እኔ ምኑን ነው ያስገዘትኩት? ቢነግሩት የማይነገር፣ ቢያሳዩት የማይያዝ!"

ዓለሚቱ አልሳቀችም።

"እኔስ መች አወቅኩት? ያው ገብስ ማመስ ነው፣ ማንም ይሠራዋል ብዬ ነበር የምቀመጠው። አንቺም እንደዚያው ነበርሽ። መምሬን አምጥተሽ ስታስገዝቺኝ ነው፣ ለካ የማውቀው ነገር አለ ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ሳስበው ከረምኩ።" ገብሱን በሰፌድ እያበጠረች ቀጠለች። "የዚህን ዓርብ አምስልሻለሁ፤ ሰውየው ፊት አላሳፍርሽም። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ግን የማምሰው ለራሴ ነው።"

አመለወርቅ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ማንን ትቆጣ? ያሳሰረች እሷ፣ ያስፈታች እሷ። አበልጇን ልትሰድባት ፈለገች፣ ልታቅፋትም ፈለገች፤ የቱ እንደሚቀድም አላወቀችም። እጇ ላይ የያዘችውን ባዶ ከረጢት ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"ደሳለኝስ?" አለች በመጨረሻ። "'ጣዕሙ ከተለወጠ' ብሎኛል እኮ። ምን ልበለው?"

ዓለሚቱ ሁለተኛውን ገብስ ምጣዱ ላይ አፈሰሰች።

"እውነቱን ንገሪዋ" አለቻት። "ግዝቱ እንደሆነ ተፈትቷል።"