የግራው በር

ጋዜጣውን ከመኪናው ጋር ያያዘውን ፕላስተር በአውራ ጣቱ ጥፍር ቀስ ብሎ ያነሳና ወደ ጎን ይስበዋል፤ ወደ ላይ ከተሳበ የቀለሙን ጠርዝ ይዞ ይነሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና የቀባ ሰው ይህን ለማወቅ ማሰብ አያስፈልገውም። የመጨረሻው ጋዜጣ ከመስኮቱ ላይ ሲወርድ የጠዋት ፀሐይ በጋራዡ በር ገብታ ኮፈኑ ላይ አረፈች። አባት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ሥራውን አየ።

አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ብሎ መተው ግን ግፍ ነው። የወፍራም ጠርሙስን ቂጥ ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት ያለው ዓይነት፣ ጠርዙ ላይ የሚጠቁር፣ መሐሉ ላይ የሚስቅ አረንጓዴ። አራት ቀን ሙሉ ሲበጠብጠው ከርሟል። ጥቁር በጠብታ ጨመረ፣ ቢጫ ቀነሰ፣ እያንዳንዱን ሙከራ የቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀብቶ ግቢው ውስጥ በሽቦ አንጠለጠለ። ሴት ልጁ ሃያ ሁለቱን ክዳኖች አልፋ ሃያ ሦስተኛው ሥር ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች። እሱም ያኔ መበጥበጡን አቆመ።

በአካባቢው ያሉ ጋራዦች «ጋሽ ስስ» ይሉታል። ቀለም በሚረጭ ሰው ጀርባ ባለፈ ቁጥር «ስስ፣ ስስ አድርገው» ማለት ስለማይሰለቸው የወጣለት ስም ነው። ቀለም የሚያምረው በስሱ ሲቀባ ነው ባይ ነው፤ ወፍራም አድርገው የሚደፉትን «ግድግዳ ለሳኞች» ይላቸዋል፣ ፊት ለፊታቸውም ቢሆን። ይህንንም መኪና ሁለት እጅ ብቻ ነው የቀባው።

መኪናው የልጁ ነው። ያቺ በስድስት ዓመቷ የብሎን ሣጥን ታቅፋ የምትተኛው ልጅ ዛሬ በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ሞተር ትጠግናለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ተገልብጣ የተጣለች ትንሽ መኪና ገዝታ በሁለት ዓመት ውስጥ የውድድር መኪና አድርጋታለች። እሱ ላሜራውን አቃና፣ እሷ የቀረውን ሁሉ ሠራች። ነገ በውድድር ሜዳው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትነዳታለች። ዛሬ በስምንት ሰዓት የእናቷ ወንድም የጭነት መኪናውን ይዞ መጥቶ ወደ ሜዳው ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ሲደርሱ መኪናዋ ትመዘናለች።

ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህ ሚዛን ላይ ነው። ከስምንት መቶ ኪሎ ያለፈ መኪና ከትልልቅ ሞተሮች ጋር ይመደባል፤ የእሷ ሞተር ከእነሱ ጋር ተሰለፈች ማለት አቧራ ልትቅም ሄደች ማለት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሎ ስታሳድድ ኖረች። ያወጣችውን ዕቃ ሁሉ፣ ከምንጣፍ እስከ መስኮት ማውረጃ ድረስ፣ መዝና ክብደቱን በጠመኔ ላዩ ላይ ትጽፋለች፣ ደብተሯም ላይ ትገለብጣለች፣ ከዚያ ጋራዡ ጥግ ትከምረዋለች። ክምሩ ሲያዩት የሞተ መኪና ይመስላል፤ እሷ ግን እንደ ሀብቷ ነው የምታየው።

አባት ዛሬ ወደዚያ ክምር ማየት አልፈለገም።

ፋብሪካው በሁለቱም በሮች ሆድ ውስጥ አግድም ያስገባው ወፍራም ብረት ነበር። ልጅቷ ሁለቱንም ቆርጣ አወጣች። በወንበሮቹ ዙሪያ ራሷ የበየደችው የቧንቧ አጥር ከጎን ስለሚከልላት የበሩ ብረት ትርፍ ነው አለች፤ ደንቡም ብረቱን አውጡም ተዉም አይልም። እሱ አንድ ጊዜ ብቻ በእሷ ወንበር በኩል ያለው የግራው እንኳ ቢቀር ብሏት ነበር። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ አለችው። እሱ ሒሳብ አያውቅም። በር ግን ያውቃል። የተጋጨ መኪና በመጣለት ቁጥር ባለቤቶቹ ስለ ቀለሙ ሲያወሩለት እሱ በሩን ያያል፤ ወደ ውስጥ የት ድረስ እንደገባ፣ ወንበሩን ነክቶት እንደሆነ፣ ወንበሩ ላይ ምን ታጥቦ እንደጠፋ። ይህን ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ልጁ ለውድድር ፈቃድ ልትፈተን የሄደች ዕለት የግራውን በር የውስጥ ሽፋን ፈታ፣ ብረቱን ከክምሩ አንስቶ ቦታው ላይ በየደው፣ ሽፋኑን መልሶ ገጠመው፣ በማግስቱም ቀለም ቀባበት። ብረቱ ላይ የነበረውን የጠመኔ ጽሑፍ በገዛ ጨርቁ ሲጠርገው ምን እንደሚል እንኳ አላነበበም።

ልጅቷ ከአራት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ሁለቱን ወንበሮች ታቅፋ ገባች። ሽፋናቸውን እናቷ ናት የሰፋችው። የውድድር መኪና አንድ ወንበር ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ከውድድሩ በፊት በሚደረገው የሙከራ ዙር አንድ ሰው ጎን ማስቀመጥ ይፈቀዳል፣ ልጅቷም ማንን እንደምታስቀምጥ ከወሰነች ቆይታለች። አባቷ ስንቱን መኪና አሳምሮ ቁልፉን ለባለቤቱ ሲያስረክብ እንጂ አንዱ ላይ እንኳ ተቀምጦ ሲሄድ አይታው አታውቅም። እሱ ነገሩን እንደ ቀልድ ሲያወራው ሰነበተ፤ ግን ለነገ የሚለብሰውን ሸሚዝ ከትናንት ወዲያ ራሱ ተኩሶ ሰቅሎታል።

ወንበሮቹን አሰሩ። ከዚያ ከእህል ነጋዴ የተዋሷቸውን አራት ሚዛኖች፣ ዱቄቱ እንኳ በደንብ ያልተራገፈላቸውን፣ በየጎማው ሥር አስገቡ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ እየተንበረከከች አራቱንም አነበበች፣ ደመረች፣ እንደገና ደመረች። ሰባት መቶ ዘጠና ስምንት ይሆናል ብላ ነበር።

«ስምንት መቶ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም» አለች።

አባት ብረቱን ሲመልስ ስለ ልጁ ጎን እንጂ ስለ ሚዛን አላሰበም። ሞኝ አይደለም፣ ብረት እንደሚከብድ ያውቃል፤ ግን እንደዚህ ጫፍ ላይ ቆማ መቁጠሯን አላወቀም ነበር። እሱ ሥራውን ሁሉ በዓይኑ ነው የሚለካው፣ በዓይን ደግሞ አንድ ብረት ምንም ማለት አይደለም።

ልጅቷ ፍለጋ ጀመረች። የተረሳ መፍቻ ይሆናል ብላ ወለሉን ዳበሰች፣ ነዳጁን በእንጨት ለካች፣ ሚዛኖቹን አዟዙራ እንደገና መዘነች። አባትም አብሯት ያጎነብሳል፤ እንደሌለ የሚያውቀውን መፍቻ በወንበሩ ሥር ሲፈልግ ጆሮው ድረስ ጋለ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ላቧን በክንዷ ጠርጋ ከክምሩ አጠገብ ተቀመጠችና ሌላ ዘዴ እንዳላት ነገረችው። የእሷ ወንበር የቆመበት ወፍራም የብረት እግር በስስ አሉሚኒየም ቢተካ ሁለት ኪሎ ይቀንሳል፤ አሉሚኒየሙም ተቆርጦ ተቀምጧል።

በሯን አጠንክርላታለሁ ሲል ልጁ የተቀመጠችበትን ልታሳሳ ነው። የእሱን ወንበር እንድታወጣ ጠየቃት፤ ሰባት ኪሎ ነው፣ ነገሩ ያኔውኑ ያልቃል። እሷ ራሷን ነቀነቀች። መኪናዋ በተመዘነችበት ሁኔታ ነው እስከ ውድድሩ ማብቂያ የምትቆየው፤ ዛሬ ከወጣ ነገ ተመልሶ አይገባም።

«እሱን አልነካም» አለች። «ያንተ ነው።»

መፍቻ አንስታ ወደ ወንበሯ እግር ጎንበስ ስትል እውነቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሒሳቧን አላመንኩም ማለት እንዴት ከአፉ ይውጣ? ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ብሎን እንኳ ሳታስብ አላሰረችም። ስለዚህ ያለውን ውድ ነገር አንስቶ ሰጣት።

«ተዪው። ቀለሙ ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«ሁለት እጅ አይደለም የቀባሁት። እንዲያምርልሽ ብዬ… ሰባት እጅ ነው። ወፍራም ነው።»

ይህን ሲል ድምፁ ሳይታወቀው ዝቅ አለ። ወዲያው ከመደርደሪያው ብርጭቆ ወረቀት አነሳ፣ ውኃ ውስጥ ነከረው፣ ወደ መኪናዋ ሄዶ ኮፈኑ ላይ አኖረው። እፍቀዋለሁ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ሁለት ኪሎ አወርድልሻለሁ አላት። ጠዋት የጣት አሻራ አይቶ በሸሚዙ እጅጌ የወለወለ ሰው፣ ያንን አረንጓዴ ሊቧጭረው እጁን ዘረጋ።

«አባዬ፣ ተው።»

እጁ ባለበት ቀረ። ልጅቷ ተነስታ መጥታ ብርጭቆ ወረቀቱን ከመዳፉ ሥር ቀስ ብላ አወጣችው። ከዚያ ደብተሯን ገለጠች። ስምንት መቶ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም፣ ሲቀነስ ሰባት መቶ ዘጠና ስምንት፤ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ። የወጡ ዕቃዎች የተመዘገቡበትን ገጽ በጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደችበት፤ ምንጣፍ፣ ሬድዮ፣ የጣሪያ ጨርቅ። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

አባት ጣቷን አየ። መስመሩን ማንበብ አላስፈለገውም።

ዞራ ክምሩን አየች። የቀኙ በር ብረት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ በጠመኔ «ቀኝ በር፣ 3 ኪሎ 800» የሚል ተጽፎበታል። አጠገቡ የወንድሙ፣ የግራው ብረት፣ ቦታ ባዶ ነው፣ አቧራው ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ልጅቷ ወደ መኪናዋ ተመለሰችና የቀኙን በር በጣቷ አንጓ አንኳኳች፤ እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ዞራ የግራውን አንኳኳች። እሱ ነው ላሜራን በጆሮ መለየት ያስተማራት፣ ገና ቁመቷ ከበር እጀታ ሳያልፍ። ድምፁ አጭርና የታፈነ ነበር።

አባት አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ትቆጣኛለች አለ በልቡ፤ ትቆጣ። መፍጫ አምጥታ ትቆርጠዋለች፣ ቀለሙም አብሮ ይቃጠላል፣ ይቃጠል። ይኼን ጊዜ ነው ለምን እንዳደረገው ሊነግራት የፈለገው፣ ያያቸውን በሮች ሁሉ፣ በተለይ አንዱን፣ ከእሷ የማትበልጥ ሴት ስትነዳው የነበረውን።

ልጅቷ መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች።

«ቀለሙ ነው ካልክ ቀለሙ ነው» አለች።

እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ሥር አውጥታ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሳታየው፣ ድምፏን እንደ ተራ ነገር አድርጋ፣ «ወንበርህ ግን መውጣቱ ነው» አለችው።

«ይውጣ» አለ። መፍቻውን ራሱ አመጣ። አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ሲፈታ ልጁ ወንበሩን ከወዲያ ማዶ ይዛለት ነበር፤ ዓይኗ እንባ አዝሏል፣ የእሱም እንደዚያው፣ ሁለቱም ብሎን የሚፈልጉ መስለው ወለል ወለሉን ያዩ ነበር። ወንበሩን ክምሩ አጠገብ አስቀመጠው። እሷ ጠመኔ አንስታ መደገፊያው ላይ «የአባዬ፣ 7 ኪሎ» ብላ ጻፈችና እንዳይለቅ ሁለቴ ደገመችው። እንደገና ሲመዝኑ ሚዛኖቹ ሰባት መቶ ዘጠና አራት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም አሉ። የወንበሯ እግር በቦታው ነው።

አጎትየው በስምንት ሰዓት እንደ ልማዱ ጥሩምባ እየነፋ መጣ። መኪናዋን ሲያይ ፉጨት አሰማ፤ ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላም ኮፈኑ ላይ ተገልጦ የተተወውን ደብተር አነሳ። ነገረኛ ሰው ነው፣ ያልተነገረውን ማንበብ ይወዳል።

«ቀለም፣ ሦስት ኪሎ ከስምንት መቶ ትርፍ!» አለ ጮክ ብሎ። «ጋሽ ስስ፣ ምን ነካህ? ግድግዳ መለሰን ጀመርክ እንዴ?»

አባት ቀልዱን ዋጠው። ነገ ይህ ወሬ በየጋራዡ እንደሚዞር ያውቃል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይስቁበታል። ይሳቁ ብሎ መኪናዋን የሚያስሩበትን ገመድ መዘርጋት ጀመረ።

«እኔ ነኝ ወፈር አድርገው ያልኩት» አለች ልጅቷ ከመኪናዋ ማዶ። «የግራውን በር።»

አጎትየው ትከሻውን ነቅንቆ የጭነት መኪናውን መወጣጫ ሊያወርድ ሄደ። አባት ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ቀና ብሎ ሊያያት ሲል እሷ መሪውን ልትይዝ ወደ ውስጥ ገብታለች፤ እነሱ ወደ መወጣጫው ሊገፏት ነው። ቀበቶዋን አሰረች፣ ለዚህች ለአሥር እርምጃ ጉዞ ማሰር ባያስፈልጋትም። በሩን ወደ ራሷ ሳበች።

በሩ እንደ ቤት በር ተዘጋ፤ ድም ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ። አባት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በር ሲያቃና ኖሮ እንደዚህ የተዘጋ በር የሰማ አልመሰለውም። ልጅቷ በሩን እንደገና ከፈተችው፣ ምንም የያዘው ነገር ሳይኖር፣ ደግማም ዘጋችው።