ቀዩ ጨርቅ

አልጣሽ ዲላ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን እያስታመመች፣ በግቢው ውስጥ አፈር ሳትጠቀም በበርሜል ውኃ ብቻ ሰላጣ ታበቅላለች። በርሜሉ ከጎደለ ሥሩ ስለሚደርቅ ከቤት ርቃ አታውቅም። አብሮ አደጓ ጨለለቅቱ ከተማ ስትዳር ግን ሠርጉ ላይ ለመገኘት መላ ዘየደች። ቡሽ ላይ ቀጭን ዘንግ ሰክታ በክዳኑ ቀዳዳ አሾለከችና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረች። ውኃው ሲቀንስ ጨርቁም ይወርዳል።

«አባባ፣ በመስኮት ይዩት። ክዳኑን ከነካ ለጎረቤታችን ለፀጋ ይደውሉላት፤ እሷ ትሞላዋለች።»

«እሺ፣ ሂጂ።»

ሚኒባሱ ወናጎ ሳይደርስ ስልኳ ጠራ።

«ጨርቁ ወረደ!»

«ፀጋን ይጥሯታ፣ አባባ።»

«ፀጋ ምን አገባት? አንቺ ነይ።»

በርሜሉን ጢም አድርጋ ሞልታው ነበር የወጣችው። በዚህች አጭር ጊዜ ጨርቁ እንደማይወርድ ታውቃለች።

«ወራጅ አለ» አለች። መንገዱን ተሻግራም የዲላ መኪና መጠበቅ ጀመረች።