የሳኒ ጣውላ

ጣውላ መገልበጥ የኔ ሥራ ነው። ማንም አልሾመኝም። ባለቤቴ አናጢ ነበር፤ ሲሞት ካቻቢቴው እጄ ላይ ቀረ፣ ክለቡም «እንግዲህ ኤፊ ትያዘው» አለ፣ በዚያው ያዝኩት። የመንደራችን እግር ኳስ ቡድን፣ የክሬግሄቨን ቲስል፣ ክለብ ቤት ግድግዳ ከበሩ እስከ መጠጥ መሸጫው ድረስ ጣውላ ነው። ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን አንድ ጣውላ፣ በላዩ በነጭ ቀለም ሁለት መስመር፦ በሊጉ ስንተኛ ወጣን፣ በዋንጫው የት ደረስን። የሌላ ክለብ ሰው ቢያነበው ይስቅብናል። አብዛኛውን ዘመን ከታች ነን፤ የዋንጫው መስመርም «አንደኛ ዙር» ከሚለው እምብዛም አልፎ አያውቅም። ይሁን፣ የኛ ነው።

በግንቦት የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ድንችና ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ፣ ጣውላዎቹ ይነበባሉ። ከዘንድሮው እንጀምርና ወደ ኋላ እንሄዳለን። ሕጉ አጭር ነው፦ ያየ ያንብብ። ያነበበው ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን በገዛ ዓይኑ ያየውን አንድ ነገር መጨመር አለበት። የሰማውን አይደለም፣ ያየውን። ልጅ ሆኖ አባቱ በመግቢያው ብረት ላይ አንስቶ ያሻገረው አይቆጠርም፤ ልጅ የሚያየው ከረሜላውን ነው ይሉ ነበር የድሮዎቹ። በር ላይ ከፍሎ የገባ ወይ ሜዳ ውስጥ የተጫወተ መሆን አለበት። ያየ ሰው ያለቀበት ጣውላ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሳውም። ብሎኑን የምፈታው እኔ ነኝ። ስፈታ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያልተገለበጠው የመጨረሻ ጣውላ የ1949/50 ነው። አንባቢው አጎቴ ዶድ ፋርኳር ነው፣ የእናቴ ወንድም። ጣውላው «ከአሥራ አራት አሥራ ሦስተኛ። ዋንጫ፦ አንደኛ ዙር» ይላል። ዶድ ያንን ያነብና ሁልጊዜ ያንኑ ይጨምራል፦ «ወንድሜ ሳኒ ከግራ ማዕዘን መትቶ፣ ማንም ሳይነካት፣ በቀጥታ ፊንሎሲ ላይ አገባ። አይቻለሁ። ኳሷን ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ።» አዳራሹ በቃሉ ያውቀዋል። ከኋላ ያሉት ጎረምሶች አብረውት ይሉታል፤ አንዳንዱማ «ዶድ፣ ዘንድሮ እንኳ አንድ ተከላካይ ጨምርበት እንጂ» ይለዋል። እሱ አይከፋውም።

ሳኒ የተጫወተው ያንን አንድ ዘመን ብቻ ነው። በቀጣዩ ጥር የተሳፈረባት የዓሣ ጀልባ ከነሰዎቿ ሳትመለስ ቀረች። ባሕሩ ስላልመለሰው መቃብር የለውም። አያቴ ስሙ ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣ ነበር፣ እናቴም ከሷ ወረሰች። ስለዚህ የሳኒ ስም ሰው ፊት ጮክ ብሎ የሚጠራው በዓመት አንዴ ነው፤ በግንቦት፣ በዶድ አፍ።

ዘንድሮ በየካቲት ዶድን ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ ዛለ፣ ቃል አጣ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ይናደዳልም፤ ከአፉ ግን «ኧ» ከሚል ድምፅ በቀር የሚወጣ የለም። ሐኪሟ ንግግሩ ይመለሳል ብለን እንዳንጠብቅ ነገረችን። እኔም ከሐኪም ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ጣውላውን ነው። ሰውየው ታሞ አንቺ ስለ ጣውላ ታስቢያለሽ ትሉኝ ይሆናል። ዶድም የሚያስበው ጣውላውን እንደነበር ዓይኑ ይነግረኝ ነበር።

ጎርደን ሬይድ የክለቡ ሊቀመንበር ነው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ነገርን ሁሉ ማለስለስ ይወዳል።

«ኤፊ፣ አንቺው አንብቢለት» አለኝ። «ማን ይከፋዋል?»

«እኔ አላየሁም።»

«እሱ ከፈቀደስ?»

«ሂድና ጠይቀዋ።»

ሄዶ ጠየቀው። ዶድ በደህናው እጁ በሩን አሳየው፣ ጎርደን ኮፍያውን ሳያደርግ ወጣ። ድሮም ጎርደን ጉንፋን ይዞት ቤቱ ተኝቶ የዋለበትን ጨዋታ አየሁ ብሎ ሊያወራ ሲል፣ በሰው መሃል «ቁጭ በል» ብሎ ያስቀመጠው ዶድ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ለራሱ ሲሆን ሕጉን አያጥፍም። ስለዚህ ያለን አንድ መንገድ ነበር፦ ካቻቢቴው።

ሐሙስ ሐሙስ ሄክቶር ሚልን ከባላንጣችን መንደር ከፊንሎሲ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ያን ጊዜ የፊንሎሲ በረኛ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጎሉን ሳኒ አላገባውም፣ ነፋሱ ነው ያስገባው ባይ ናቸው፤ ይህንን ከስልሳ ዓመት በላይ ሲሉ ኖረዋል። በኛ መንደር ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ «ነፋሱ መጣ» ነው የሚባለው። ከዶድ ጋር ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ በማታው አውቶቡስ ይመለሳሉ። ክለብ ቤታችን ግን አንድም ቀን ረግጠው አያውቁም። ከስትሮኩ በኋላም መምጣቱን አልተዉም።

ከንባቡ በፊት ባለው ሐሙስ በዶድ ወጥ ቤት ሆኜ ሻይ ስቀዳ ሄክቶር ጀመሩ።

«መቼም ነፋስ ነበር።»

ዶድ የወንበሩን ክንድ ሲደበድብ ተሰማኝ።

«ምን ትደበድባለህ? ግቡ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ» አሉት።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ደንቆሮዎች፣ ያየ ሰው ስንፈልግ የምንቆጥረው የራሳችንን ሰው ብቻ ነው። ጨዋታ ሁለት ቡድን እንደሚፈልግ ትዝ ያለው አልነበረም። ሕጉ ያየ ይላል እንጂ የማን ደጋፊ ሆኖ ያየ አይልም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋቸው።

«ቅዳሜ ክለብ ቤት ይመጣሉ» አልኳቸው።

«የትኛው ክለብ ቤት?»

«የኛ። የአርባ ዘጠኙን ጣውላ ያነባሉ።»

«የኔ ልጅ፣ እዚያ ከምገባ እግሬ ይቆረጥ።»

ንዴቴ መጣ። «ጥሩ» አልኩ። «እንግዲያው ቅዳሜ እገለብጠዋለሁ። ሳኒ ፋርኳርን ከዚያ ወዲያ የሚያነሳው የለም። እርስዎም ነፋስዎን ይዘው አውቶቡስዎን ይሳፈሩ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ነፋስስ ነበር» አሉ። «ግን ከኋላዬ ነው የሚነፍሰው፣ ከግቡ ወደ ሜዳው። ቆቤን ከራሴ ላይ አንስቶ መሃል ሜዳ ጥሎታል። ልጁ ኳሷን ነፋሱን ሰንጥቃ እንድትገባ አድርጎ ነው የመታት። እንደዚያ የመታ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲያወሩ ኖሩ?»

«መጀመሪያ አፍሬ ነው። ከማዕዘን የገባበት በረኛ ምን ይላል? ነፋስ ይላል። ከዚያ ልጁ ሞተ። ዶድ ሰው ማናገር ተወ፣ በር ዘግቶ ተቀመጠ። አንድ ቀን ዓሣ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፣ የምለው ጠፋኝ። ነፋስ ነበር እኮ አልኩት። ሊያንቀኝ ምንም አልቀረው። ግን ተናገረ፤ ዓሣው እስኪሸጥ ድረስ ስለ ሳኒ ተናገረ። እኔም በሐሙሱ ተመልሼ መጣሁ።»

አውቶቡሱ መጣ። «ካመንኩለትማ ምን እናወራለን?» አሉና ተሳፈሩ። ይመጡ አይመጡ አልነገሩኝም። ተናድጄ ነበር የሸኘኋቸው፣ አንጀቴን በልተውኝ ሄዱ። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ።

ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ተሸነፍን። ካቻቢቴውን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቼ ምግብ ማደል ስጀምር፣ ሄክቶር ሚልን ክራቫት አስረው በር ላይ ቆመው አየሁ። ሰተት ብለው ገብተው ዶድ አጠገብ ተቀመጡ፣ ሳህናቸውን ባዶ አደረጉ፣ የፊንሎሲ ድንች ከዚህ ይሻላል አሉ፣ ከዚያ ሌላ ሳህን ጠየቁ።

ንባቡ ተጀመረ። የሰማንያ ሰባቱን ፀጉር አስተካካዩ አነበበ፤ ማዕበል የሰሜኑን ግብ ነቅሎ ሲወስድና በረኛችን ግቡን ሲያሳድድ አይቻለሁ አለ። የስልሳ ሁለቱን፣ ያንን በረዶ ሜዳውን እስከ መጋቢት የዘጋበትን ዘመን፣ አሮጊቷ ጄሲ አነበበች። ዳኛው ሜዳውን ልፈትሽ ብሎ መሃል ላይ በቂጡ ሲወድቅ አይታለች፤ ሲነሳም ደግሞ ሲወድቅ። ሳቁ ደመቀ። የሃምሳዎቹ እየሳሱ መጡ፣ ከዚያ የቀረው አንድ ሆነ። ጎርደን ወደ ሽርጤ አየ።

ሄክቶር ተነሱ።

«ይሄማ አይሆንም» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «የፊንሎሲ ሰው የኛን ጣውላ?»

«ሕጉ ያየ ያንብብ ነው የሚለው» አልኩ። «ካልመሰለህ እዚያው በሩ ላይ ተጽፏል፣ ሄደህ አንብበው።»

ጎርደንን ላብ አጠመቀው። ሁሉም ወደ ዶድ ዞረ። ዶድ ሄክቶርን ብዙ ካያቸው በኋላ በከዘራው ወለሉን አንዴ መታ።

ሄክቶር መነጽራቸውን አደረጉ። «ከአሥራ አራት አሥራ ሦስተኛ» ብለው አነበቡና ዞር አሉ። «አሥራ አራተኛው ደግሞ ማን ነበር?»

«ፊንሎሲ» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

«ማወቃችሁን ለማረጋገጥ ነው። ዋንጫ፣ አንደኛ ዙር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያየሁትን እናገራለሁ። ሳኒ ፋርኳር፣ ግራ መስመር፣ ከማዕዘን መታ። ማንም ሳይነካት ገባችብኝ። ነፋስ ነበር ስል ኖሬያለሁ። ነፋሱ ከኋላዬ ነበር፤ ቆቤን ወደ ሜዳው ወስዶታል። ሳኒ ነፋሱን አሸንፎ ነው ያገባው። ጨዋታው ሲያልቅ ቆቤን አንስቶ፣ ጭቃውን በማሊያው ጠርጎ፣ ራሴ ላይ አደረገልኝ። ሳኒ ነው ያገባው፣ ዶድ። አንተ ልክ ነህ።»

ዶድ ስለ ቆቡ ነግሮን አያውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ የኔም ሞላ፣ አልዋሽም። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ የእሺታ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም ነው የሚለው። ከዚያ ደህናውን እጁን አንስቶ ከግራ ማዕዘን ወደ ግቡ አሻገረ፣ ጉንጩን ነፋ፣ በአፉ በአንድ ጎን «ፉ» አለ። ነፋስ ነበር።

ሄክቶር መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ምን ማለትህ ነው? አሸንፎ ነው ያገባው አልኩህ እኮ።»

«ፉ» አለ ዶድ።

«ታዲያ ቆቤን ማን ወሰደው?»

«ፉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሄክቶር ወንበራቸውን ወደ ዶድ አስጠግተው ነፋሱን በሹካና በማንኪያ ማስረዳት ጀመሩ። ካቻቢቴውን ከባለቤቴ መሣሪያዎች ጋር መልሼ ዘጋሁበት።

ሐሙስ ሻይ ይዤ ስገባ ሄክቶር ቀድመው መጥተው ነበር። ሳኒ ራሱ ነው ያገባው እያሉ ይምላሉ፣ ዶድ ጉንጩን ነፍቶ ይጠብቃል። የሳኒ ስም እዚያ ቤት አሁን በየሳምንቱ ይጠራል፣ በሄክቶር አፍ።