የሁለት ሰው ግብር

ሰፈሩ ሁለቱን ወንድማማቾች በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። መስታወት ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ ታላቁ «ትልቁ»፣ ታናሹ «ትንሹ» ነበሩ። ትንሹ ሸብቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ወገቡን ደግፎ መነሳት ከጀመረ በኋላም ትንሹ መባሉ አልቀረለትም። ደንበኞቹ «አንተ እኮ አረጀህ» ሲሉት «ታላቄን ሳላስፈቅድ እንዴት አድርጌ» ይላቸዋል። አዲሶቹ ይስቃሉ፣ የቆዩት ግን ወሬ ይቀይራሉ።

የቆዩት የሚያውቁት ነገር እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ትልቁ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ «የመስኮት ልክ ወስጄ መጣሁ» ብሎ ከሱቁ ወጣ። እንደወጣ ቀረ። መስኮቱን ያዘዙት ሴትዮ ሲጠየቁ «ማን መጥቶ? እኔም ስጠብቅ ነው የዋልኩት» አሉ። ፖሊስ ተጠየቀ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ታየ፣ ሬሳ ክፍል ሳይቀር ተገባ። ሰውየው ጠብ የለበት፣ ዕዳ የለበት፣ የደበቃት ሴት የለችው። መሬት ተሰንጥቃ ዋጠችው ከማለት በቀር የሚባል ነገር ጠፋ።

ግብር የማስታወቂያው ጊዜ ሲደርስ ትንሹ ቅጹን ይዞ ተቀመጠ። ሱቁ የሁለቱ ሽርክና ስለሆነ ቅጹ የሁለቱንም ፊርማ ይጠይቃል። የራሱን ፈረመ። የወንድሙ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። አስመስሎ መፈረሙን ይችልበታል። ግን ዛሬ ፈርሞለት ነገ ቢመጣስ? «በቁሜ ስሜን ወሰድክብኝ?» ቢለውስ? ባዶውን ልተወው ቢል ደግሞ፣ የለም ብሎ በገዛ እጁ መመስከር ሆነበት። «በሚቀጥለው ወር ይመጣና ራሱ ይፈርማል» ብሎ ቅጹን ካርቶን ውስጥ ከተተው። የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ አለፈ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፈርቶ አለፈ። የቀሩት ደግሞ እንደ ሰካራሞች አንዱ አንዱን እየደገፈ ተከታተሉ።

እናታቸው ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መንጋቱንና መምሸቱን ይለዩ እንደሆነ ነው እንጂ መልክ አይለዩም። ትልቁ የቀረ ሰሞን እህል አልወርድ ብሏቸው አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ትንሹ ድካም ተጭኖት፣ እግሩን እየጎተተ ደረጃውን ሲወጣ፣ እናቱ ከትራሳቸው ቀና አሉ።

«መጣህ የኔ ልጅ? ትልቁ ነህ አይደል?»

ፊታቸው በርቶ ነበር። ትንሹ «የለም፣ እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን ወፈር ያለ፣ ጉሮሮ ጠረግ ተደርጎ የሚጀመር የወንድሙ ድምፅ ሆነ።

«አዎ እማዬ። ሥራ ራቅ ያለ ቦታ ይዤ ነው። ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለትንሹም ቢሆን።»

እናቱ በዚያው ቀን በሉ።

ለአንድ ምሽት የተዋሰው ድምፅ ሳይመለስ ቀረ። ማክሰኞ ማክሰኞ ትልቁ ይመጣል፤ በከባድ እርምጃ ይወጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከአልጋው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ስለሌለው ሥራ ያወራል። በሌላው ቀን ትንሹ ምግብ ይዞ ሲመጣ እናቱ የትልቁን ነገር ትንፍሽ አይሉም። አደራ ተብለዋላ። እንዲያውም አንዳንዴ ለማጽናናት «አይዞህ ልጄ፣ ሆድ አይባስህ» ይሉታል፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል።

የከፋው ግን ድምፁ ከፎቁ ወርዶ መምጣቱ ነው። ትንሹ ሱቅ ውስጥ ብቻውን ሳለ ጉሮሮውን ሲጠርግ ራሱን ያገኘዋል። ግድግዳውን ተደግፈው በቆሙት መስታወቶች ፊት ሲያልፍ፣ ሜትር አንገቱ ላይ የጣለ ሰው በጎኑ አብሮት ያልፋል። ዞር ሲል ራሱ ነው። እያደር ዞር ማለቱን ፈራ። ትልልቆቹን መስታወቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆማቸው። ደንበኛ «ምነው?» ሲለው «አቧራ እንዳይነካቸው» ይላል።

በመጨረሻ ከግብር ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ። ያላስታወቃቸውን ዓመታት ካላስታወቀ ሱቁ እንደሚታሸግ ነግረውት፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ትንሹ ካርቶኑን ተሸክሞ ሁለት በር አለፍ ብላ ቢሮ ወደ ከፈተችው ሒሳብ ሠራተኛ ሄደ። ልጅቷ ነገር የማታበዛ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሠራ ነች። ደረሰኙን በየዓመቱ ስትከምር እሱ እያንዳንዱን ዓመት እንደገና ኖረው፤ ትምህርት ቤቱን በመስታወት ያለበሱበት፣ በረዶ የሰፈሩን መስኮት ሁሉ የሰበረበት። በያንዳንዱ «እኔና ወንድሜ» ብሎ ይጀምርና ይታረማል።

«ሁሉንም ማስታወቅ እንችላለን» አለችው። «ቅጣቱም ወለዱም ተከፋፍሎ ይከፈላል፤ በዚህ የታሸገ ሱቅ አላየሁም። የሚያስቸግረን ሸሪክህ ነው፣ ጋሼ። ወይ ሰውየውን አምጣልኝ፣ ወይ ፍርድ ቤት ጠፍቷል ብሎ ይወስንልህ።»

«ይመጣ ይሆናል ብንልስ?»

«ግብር ቢሮ ይመጣ ይሆናል የሚባል ሰው አያውቅም።»

ፍርድ ቤቱ ደግሞ የቅርብ ዘመድ ምስክር ጠየቀ። ከእናቱ ሌላ የቅርብ ዘመድ የለም። ትንሹ ተጨነቀ፤ ቀጥሎም ራሱን አጽናና። ለዓመታት ለሥጋ ልጃቸው ያልተነፈሱ ሴት ለዳኛ አይናገሩም ብሎ አሰበ። «ሱቁ እንዳይታሸግ ነው እማዬ፤ ትልቁ ከጠፋ እንደቆየ ብቻ ትናገሪያለሽ» አላቸው። እናቱ «እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነበር። ዳኛዋ ጎልማሳ ሴት ናቸው፤ እናቱ ምለው ከተቀመጡ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«እናቴ፣ የልጅዎን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት መቼ ነው?»

እናቱ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«እውነቱን ነው የምትፈልጊው፣ ልጄ?»

«እውነቱን ነው።»

«ባለፈው ማክሰኞ» አሉ። ከዚያ ትንሹ አለበት ወደመሰላቸው አቅጣጫ ዞሩ። «ይቅር በለኝ ልጄ። አደራ ብሎኝ ነው የደበቅሁህ። ወንድምህ በሕይወት አለ። በየሳምንቱ ይመጣል።»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «አመልካች፣ ይህን ያውቃሉ?»

ሒሳብ ሠራተኛዋ ከኋላው ጠጋ ብላ «ዕድሜ ነው በላቸው፣ ይረሳሉ በል» አለችው በሹክሹክታ። ይህን ቢል ማንም ያምነዋል። ቃሉም ምላሱ ላይ ነበር። ግን እናቱን አየ። አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ የልጃቸውን አደራ በልተው ሌላውን ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው። ትንሹ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ» አለ በትልቁ ድምፅ።

እናቱ ብድግ አሉ። «እዚህም መጣህ?»

«እኔ ነኝ» አለ በራሱ ድምፅ። «ትንሹ ነኝ እማዬ። ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ።»

እናቱ ቆመው ቀሩ። ከዚያ በጎናቸው የነበረችው ፖሊስ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ዳኛዋ ትንሹን ብዙ ጠየቁት፤ መቼ እንደጀመረ፣ ለምን እንደጀመረ። በቁጣ አልነበረም። በሌላ ቀጠሮ ትልቁ ጠፍቷል ተብሎ ተወሰነ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ሥራዋን ጨረሰች። ትንሹ የየዓመቱን ቅጽ ብቻውን ፈረመ፤ የወንድሙ ቦታ ላይ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ቁጥር ተጻፈ። እጁ እንደ ድሮው አልታዘዝ ይለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ታዘዘው። ቢሮው ማኅተሙን እየመታ ተቀበለው፣ ክፍያውን በየወሩ አደረገለት። ከበሩ ላይ ወረቀቱ ተላጠ። ትንሹም መስታወቶቹን ወደ ፊት አዞራቸው፤ የሚያየው ራሱን ብቻ ሆነ።

እናቱ ግን ከችሎቱ ቀን ጀምሮ «እሺ» እና «የለም» ብቻ ሆኑ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ትንሹ እግራቸው ሥር እየተቀመጠ ይቅርታ ቢጠይቅም ራሱን ዳበስ አድርገው ይተዉታል። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የሚያደርገው ጠፍቶበት ሱቁን ደጋግሞ ይጠርጋል።

አንድ ቀን የጥፍራቸውን ጫፍ ሲቆርጥላቸው እናቱ ራሳቸው ወሬ ጀመሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ዓመት መስታወት እጅህን ቆርጦህ ሆስፒታል ተኝተህ አልነበር?»

«አዎ እማዬ። ሁለት ሳምንት ሙሉ።»

«ያኔ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እዚህ የመጣው ማነው?»

ትንሹ መቁረጫውን አቆመ። «ጎረቤታችን ናት። ምግብ እንድታደርስልሽ ለምኛት ነበር።»

«እሷንማ አውቃታለሁ። እሷ ጉሮሮዋን አትጠርግም።»

ከውጭ የመኪና ድምፅ መጥቶ አለፈ። ትንሹ የእናቱን እጅ እንደያዘ ነው።

«ምን አለሽ?»

«ምንም። አንተ ትልቁን ሆነህ ስትመጣ ወሬ ታበዛ ነበር፤ ሥራ፣ መንገድ፣ ምን ቅጡ። ያ ሰው ምንም አላለም። አጠገቤ መጥቶ፣ እዚህ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ክብደቱ አልጋውን ሲያዘነብለው ተሰማኝ። ከዚያ ሄደ።» ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፤ «አንተ አልጋዬ ላይ ተቀምጠህ አታውቅም። ነገሩን ያገናኘሁት ግን ችሎት ላይ ከነገርከኝ በኋላ ነው።»

ትንሹ ሕልም ነው ሊላቸው ፈለገ። ናፍቆት ነው፣ ጆሮሽ ነው ሊላቸው ፈለገ። ግን ለዓመታት ጆሯቸውን ሲያታልል የኖረ ሰው በምን አፉ ጆሮሽ አታለለሽ ይበላቸው። ጥፍራቸውን ቆርጦ ጨረሰ።

በማግስቱ ከሱቁ ጀርባ የነበረውን አልጋውን ፈታትቶ ወደ ላይ አወጣና ከእናቱ አልጋ ፊት ለፊት ገጠመው። «ወገቤን ብርድ ስለሚይዘኝ ነው» አላቸው፤ እሳቸውም «ደግ አደረግህ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግብር የማስታወቂያው ጊዜ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሞ ተሰልፎ፣ ብቻውን ፈርሞ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ ይመለሳል። እናቱም ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ የልጅነቱን ጥፋት እያነሱ ያሾፉበታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ፣ ተነጋግረውበት ሳያውቁ፣ ሁለቱም ቶሎ አይተኙም።