የረሺድ ዘፈንና ዳማው ፈረስ

የኛ ጉባኤ መሐላ ይከለክላል። እኔ መምህር አበራ ግን፣ ወንጌላዊው ይቅር ይበለኝና፣ ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ሐሰት ብትሆን ጠመኔ የምይዝበት እጄ ይድረቅ ብዬ እምላለሁ።

ጓደኛዬ ረሺድ ከሆሳዕና ሆመቾ ጋሪ ይነዳ ነበር። እኔ ሆመቾ አስተምራለሁ፤ ቤቴ ሆሳዕና ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ሥራ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ ተመላልሻለሁ። መንገዱን ብንደምረው ኢየሩሳሌም ደርሰን በተመለስን ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ዳማ ፈረሱ ቁመቱ የቤቴን ጣራ ያክላል። አመሉ አንድ ብቻ ነበር፤ ካልዘፈኑለት መንገዳችን ላይ ወዳለው ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት አይወርድም። ይህን የነገረኝ ራሱ ረሺድ ነው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ልጓሙን ላላ አድርጎ ስለ አንዲት ቀይ ላም የሚዘፈን የሀዲያ ዘፈን ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ማንጎራጎር ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ድምፁን ሦስት ጊዜ እየሰበረ ይወጣል። ሞርሲቶ ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ክርክራቸውን አቁመው ያዳምጡት ነበር። ጋሪው ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል እኔ የሚታየኝ ላሟ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ዘፈኑን እንዲያስተምረኝ ብጠይቀው፣ «ያንተ የመዝሙር ድምፅ ነው፤ ፈረሱ ጸሎት መስሎት ይቆማል» አለኝ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ላይ፣ ንዳድ ረሺድን በአምስት ቀን ወሰደው። እኔ ሆመቾ ተማሪ እፈትን ነበር። ሙስሊሞች ደግሞ ሬሳ አያሳድሩም፤ ስደርስ መቃብሩ ላይ ዝናብ ወርዶበታል። ጓደኛዬን አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ላም ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፤ በአገራችን በሌሞ ደግሞ ቀይ ላም የሌለበት ደጅ የለም።

አርባ ቀን ካለፈ በኋላ ሚስቱን አይሻን ልጠይቅ ሄድኩ። ዳማው ረሺድ ከሞተ ጀምሮ ከግቢ አልወጣም ብሏል። የረሺድ ወንድም ሱልጣን፣ የማይሠራ ፈረስ ምን ያደርግልሻል፣ ገበያ ወስጄ ልሽጠው እያለ ይወተውታታል። እሷ ደግሞ ከባሏ እጅ የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ እንዲሸጥ አልፈለገችም። ያጣው ዘፈኑን ነው አልኳቸው፤ ዘፍኜ እስከ ወንዙ ካወረድኩት ፈረሱ አይሸጥም። ሱልጣን እየሳቀ እሺ አለ።

በማግስቱ ጋሪው ተጠመደ። እኔ ላዩ ላይ ወጣሁ፣ አይሻ ከኋላ በእግሯ ተከተለች። ዘፈኑን ለቀቅኩት። ዳማው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ከበር ወጣ። አፋፉ ላይ እንደ ረሺድ ድምፄን ሦስት ጊዜ ስሰብር የሌሞ ገበሬ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ አለቀሰ። ስንኙ ቢጠፋኝ ከራሴ ጨምሬ ላሟን ሁለት ጥጃ አስወለድኳት። ወንዙ ዳር ስንቆም ረሺድ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ፤ በሱ በኩል ያለው ትከሻዬ ሞቀኝ። ፈረሱም ሳይሸጥ ቀረ።

ይህን ጽፌ ትናንት ለአይሻ አነበብኩላት። ጎመን እየቀነጠሰች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«መምህር፣ ዳማው እኮ ጆሮው አይሰማም» አለችኝ። «ስንገዛውም አይሰማም ነበር።»

ታዲያ ከግቢ አልወጣም ያለው ለምን ነበር ብዬ ጠየቅኳት። እሷ እንዳለችኝ፣ ረሺድ ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የፈረሱን ግንባር ይዳብስ ነበር። እኔ የዘፈንኩ ዕለት ማለዳ ይህ ትዝ ብሏት እሷም ዳበሰችው፤ ከዚያ ልጓሙን ይዛ ከፊት ከፊት እየመራች እስከ ወንዙ አወረደችው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ከኋላ ወደ ፊት ስታልፍ አላየኋትም።

«ታዲያ ረሺድ ስምንት ዓመት ለማን ነበር የሚዘፍነው?»

«ለእርስዎ ነዋ። ቁልቁለቱን ይፈሩ ነበር። ‹መምህሩ እንዳያፍር ለፈረሱ ነው እለዋለሁ› ይለኝ ነበር።»