ጠንካራውን ውሰጂ

ባሌ ባዩ «መጥረጊያ ምን አነሰው?» እያለ ቫኪዩም እንዳልገዛ ሲከለክለኝ የኖረ ሰው ነው። ያን ቅዳሜ ግን ራሱ «ተነሺ፣ እንግዛ» አለኝ። ጓደኛዬ ሸዋረጋም ከምትኖርበት ከተማ ከኮንኮርድ ድረስ መጥታ አብራን ሱቅ ገባች።

ሻጩ ምንጣፍ ላይ አመድ በተነና ሁለት ቫኪዩም አስነስቶ አሳየን። እኔ ድምፁ ዝቅ ያለውን ፈለግሁ።

«ጠንካራውን ውሰጂ፤ ሰው ሲመጣ ቤትሽ ይመር» አለች ሸዋረጋ።

«ደግሞ ማን ሊመጣ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ቱቦውን ማገላበጥ ያዘች።

ማታውን ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ያለውን አፓርትመንታችንን እየዘፈንኩ ቫኪዩም አደረግሁ። ዕቃ አንስቶ የማያውቀው ባዩ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋልኝ። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኟ!

እሑድ ሊነጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ባዩ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። የኦክላንድ ሐበሻ ሁሉ ጥቁር ለብሶ ገባ፤ ሸዋረጋ ከፊት ናት። ለካ እናቴ አዲስ አበባ ሞታ ከተቀበረች ሰነባብታለች።

መርዶ በወጉ ይነገራት አሉ፤ እሺ፣ ይሁን። ግን የእናቴን ለቅሶ ቤት በገዛ እጄ፣ ያውም እያዘፈኑ አስጠረጉኝ።