ቀይ ክር ያለውን ያዝ

በልምምዱ ላይ የዋሽንቱ ቦታ ሲደርስ ኤርሳዶ ዛሬም ዘገየ። ሳክስፎኑን አስቀምጦ ከዋሽንቶቹ አንዱን እስኪመዝ ዜማው ጥሎት ሄደ። የመዘዘውም የተሳሳተውን ነበርና ሲነፋው ባንዱ በሙሉ ፊቱን አጨማደደ።

«በቃ!» አሉ የባንዱ አለቃ ጋሽ ቦልቴ። «ዎላይታ ዞን ከሆነ ወዲህ የመጀመሪያው የጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ በሶዶ ሕዝብ ፊት አታዋርዱኝም። ዋሽንቱ ይቅር፣ ኪቦርዱ ይጫወተው!»

ዜማውን ያቀናበረችው፣ ኖታውንም ለየተጫዋቹ የጻፈችው ሰገነት ደሟ ፈላ። ኪቦርድ! ያን ዜማ ቦምቤ ገጠር ድረስ ወርዳ ያመጣችው ለዋሽንት ብላ አይደል እንዴ! ደግሞ እንደ ኤርሳዶ ያለ ዋሽንት ነፊ በዞኑ የት ተገኝቶ! እሱ እቴ፣ አንገቱን ደፍቶ ዋሽንቶቹን መጠቅለል ጀምሯል።

«እስከ ነገ ይታገሡኝ፣ ጋሽ ቦልቴ።»

«ነገ ከተሳሳተ ግን አበቃ!»

ሰው ሲበተን ኤርሳዶን አጠገቧ አስቀምጣ የኖታ ወረቀቱን ዘረጋች። ጉድ እኮ ነው! «ዋሽንት» ብላ የጻፈችው ልክ ዋሽንቱ በሚጀምርበት ኖታ ላይ ነው። ታዲያ ሰውየው መቼ ይቀይር? ደግሞስ የቱን ዋሽንት? አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ አለው፤ እንዳይምታቱበትም በየመልኩ ክር አስሮባቸዋል።

«ለዚህ ዜማ የቱን ነው የምታነሳው?»

«ቀይ ክር ያለውን።»

«እስቲ ቀይረህ አሳየኝ።» ጠረጴዛውን እየመታች ቆጠረች፤ ስምንት ምት ፈጀበት። ሳክስፎኑ ግን ዋሽንቱ እስኪገባ ድረስ ፋታ የለውም፤ ያችን የሳክስፎን ዜማ ደግሞ የደረሷት ራሳቸው ጋሽ ቦልቴ ናቸው።

«ኧረ ተይ፣ ይቆጣሉ!» አለ ኤርሳዶ።

«ይቆጡ!» የዜማዋን መጨረሻ ስምንት ምት ከሳክስፎኑ ቆርጣ ለትራምፔት ሰጠችው። በተገኘው ባዶ ቦታ ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «ሳክስፎን አስቀምጥ፤ ቀይ ክር ያለውን ዋሽንት ያዝ።» ዋሽንቱ በሚያበቃበትም ቦታ «ወደ ሳክስፎን ተመለስ» ብላ ጨመረች።

በማግስቱ ሳክስፎኑ ዝም ብሎ ትራምፔቱ ሲቀበል የጋሽ ቦልቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«የኔን ዜማ ማን ነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኝ! ሲያልቅ ያባርሩኝ። እናንተ ግን እንዳታቆሙ!» ብላ ወደ ባንዱ ጮኸች።

ኤርሳዶ ዋሽንቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እየጠበቀ ነበር። በሰዓቱ ገባ። አዳራሹን የሚያጸዱት ሴቶች እንኳ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆሙ።

ዜማው ሲያልቅ ጋሽ ቦልቴ የኤርሳዶን ወረቀት አንስተው አነበቡ። ሰገነት ስድቡን ልትቀበል ጥርሷን ነከሰች። እሳቸው ግን ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞሩ።

«ስማ፣ አንተ» አሉት፤ «ዋሽንቱ ሲገባ እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ።»